ገብስማ፣ ዥግርማ፣ ቆቅማ

አክስቴ አውራ ዶሮ የምትመረምረው በማለዳ ነው፤ ፀሐይ ከጓሮው ማንጎ በላይ ብቅ እንዳለች። ሁለቱን ክንፎቹን በግራ እጇ ሰብስባ ትይዝና በቀኟ የአንገቱን ላባ ከታች ወደ ላይ ትገልጠዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ከላይ ወደ ታች ይዳብሰው ነበር። ወደ ላይ ሲገለጥ ግን የላባው ሥር ይታያል። ከላይ እሳት የመሰለው ቀይ ሥሩ አመድማ ሊሆን ይችላል፤ ድፍን ጥቁር የመሰለው ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ጥንዚዛ ጀርባ አረንጓዴ ያበራል። ቀጥላ ክንፉን ትዘረጋለች፤ ሽንትሩ ከአንዱ ላባ ወደ ሌላው መስመሩን ጠብቆ መሄዱን ታያለች። እግሩን ትገለብጣለች፣ ጣቶቹን ትነካካለች፣ በመጨረሻ ዓይኑን ረዘም አድርጋ ታየዋለች። ምን እንደምትፈልግ አንድ ቀን ስጠይቃት፣ "ከላይ ያለውንማ ነጋዴውም ያየዋል" አለችኝ። "እኔ የማየው ልጆቹን ነው።"

ቤቷ ሀብሩ ውስጥ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት መርሳን አልፎ ሲሪንቃ ከመድረሱ በፊት ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች መንደር። ግቢዋ ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ከአሥራ አምስት አይበልጡም። ልጅ ሆኜ ሳያቸው ዶሮ ዶሮ ነበር፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ዝንጉርጉር፣ እንደ ዕድላቸው። ዛሬ ሳያቸው የአንድ ሰው የሠላሳ ዓመት የእጅ ሥራ ይታየኛል። ሸማ የሠራ ሸማኔ፣ ምንቸት የሠራች ሸክላ ሠሪ ይባላል። ይህን ሥራ ግን ሥራ ብሎ የሚጠራው ሰው አላገኘሁም፤ "ዶሮ አላት" ብቻ ነው የሚባለው።

መጀመሪያ ስሞቹን ላንሳ፤ የጥበቡ ግማሽ ያለው እዚያ ነውና። ድፍን ቀለም ያላቸው ቀላል ናቸው፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ሀብታችን የሚታየው ጥለት ላይ ስንደርስ ነው። ገብስማ የሚባለው ጥቁርና ነጩ እንደ ገብስ ቆሎ የተቀላቀለበት ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ ጎልማሳም ገብስማ ይባላል። ዥግርማ በጥቁር ላይ ነጭ ነጥብ የፈሰሰበት፣ የዥግራ ላባ የመሰለ ነው። ቆቅማ ከቆቅ የተወሰደ ነው፤ በቡናማ ላይ ግራጫ ሽንትር ያለበት፣ ሣር ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ የማይለይ። ጠጠርማ ላባው ላይ ደቃቅ ጠጠር የተበተነበት ይመስላል። ወሰራ ቀይና ነጭ የተደባለቀባት ናት። አንገቱ ላይ ላባ የሌለው ደግሞ መላጣ ነው። አንዲት "ማ" ከእህል፣ ከዱር ወፍ ወይም ከድንጋይ ጋር ትገጠምና የአንድ ላባ ሙሉ ሥዕል በሦስት ወይም በአራት ፊደል ታስቀምጣለች። ገበያ ውስጥ "ገብስማዋን አምጫት" ሲባል ከሃያ ዶሮ መካከል የምትነሣው አንድ ናት።

ስሙ ካለ ደግሞ ለመለየት ዓይን አለ፤ ዓይኑ ካለ ምርጫ አለ። ምርጫው የትናንት አይደለም። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለ ጥንታዊ ሰፈራ ሔሊና ወልደኪሮስ እና ካትሪን ዳንድሪያ ያጠኑት የዶሮ አጥንት ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው፤ በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የዶሮ አጥንቶች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በሙሉ፣ የትኛው ይታረድ፣ የትኛዋ ትታቀፍ ብለው የሚወስኑ እናቶች ዘመን ነው።

አክስቴ የምትሠራው እንዲህ ነው። የማትፈልገውን ጎረምሳ አውራ ሴት መርገጥ ሳይጀምር ትሸጠዋለች ወይም ታርደዋለች። የምትፈልገውን ታስቀራለች። ካስቀረች በኋላ ግን ወዲያው እንቁላል አታስታቅፍም። ሴት ዶሮ የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዛ ትቆያለች፤ ስለዚህ አሮጌው አውራ ከሄደ በኋላ የሚጣሉት እንቁላሎች ገና የእርሱ ናቸው። አክስቴ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። የቀድሞውን ሸጣ፣ አዲሱን ግቢ አስገብታ፣ የሦስት ሳምንት እንቁላል ለገበያና ለልጆች ታደርጋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ለመታቀፊያ መሰብሰብ የምትጀምረው። የጎረቤት አውራ አጥር ዘሎ እንዳይገባ በዚያ ሰሞን በር ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች። ሲገባባት የምታሳየው ቁጣ፣ አዲስ ነጠላ ላይ ወጥ የተደፋበት ሰው ቁጣ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የገብስማ ሕጓ ነው። ጥቁር ላባ ላይ ነጭ ሽንትር ስላለባቸው ገብስማዎች ስትነግረኝ፣ "ገብስማ ቄብ የምትፈልግ ሴት ገብስማ አውራ ትያዝ። የእናትየው ለወንዶቹ ነው የሚሄደው" አለችኝ። አጋጣሚ መስሎኝ አለፍኩት። በኋላ ሳነብ ልክ ሆኖ አገኘሁት። የዚህ ሽንትር ዘረ መል የሚገኘው ፆታን በሚወስነው ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንዱ ይህን ክሮሞሶም ከእናትም ከአባትም ይወስዳል፤ ሴቷ ግን ከአባቷ ብቻ። ስለዚህ ባለ ሽንትር እናት ሽንትር ከሌለው አውራ ጋር ብትዳቀል ወንዶች ልጆቿ ሁሉ ሽንትር ይወርሳሉ፤ ሴቶቹ አንዷም አታገኝም። ሁለት ድርሻ የደረሰው አውራ ነጩ መስመር ይሰፋለትና ከሩቅ ሲያዩት ነጣ ብሎ ይታያል፤ አንድ ድርሻ ያላት ሴት ጠቆር ትላለች። አክስቴ ገበያ ውስጥ ከቆመ ገብስማ አውራ ፊት ረጅም ጊዜ የምትቆመው ነጩን መስመር ለመለካት ነው። መስመሩ ሰፊ ከሆነ ሴት ልጆቹ በሙሉ ገብስማ ይሆናሉ፤ ጠባብ ከሆነ ግማሾቹ ብቻ። ዋጋ የምትከራከረው ያንን ካወቀች በኋላ ነው።

እንግሊዛዊው ዊሊያም ቤትሰን የሜንዴል ሕግ ከአተር አልፎ በእንስሳትም እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲያሳይ የተጠቀመው በዶሮ ነበር፤ ያየውም አናታቸው ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ቅርጽ ነው። የእኛ ሰው ይህን ሥጋ ነጠላና ድርብ ብሎ ይለየዋል። ነጠላው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ነው፤ ድርቡ ዝቅ ብሎ የተነጠፈ፣ ላዩ ፍርፍር ያለ። ገበያ ድርቡን ይወዳል፤ ለዓመት በዓል ቀይ ድርብ አውራ ይዞ የሚገባ አባወራ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚገባው። ድርብነት የሚያይል ጠባይ ስለሆነ አንዱ ወላጅ ብቻ ቢኖረው ልጆቹ ላይ ይታያል። ታዲያ ሁሉንም ድርብ ማድረግ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ አክስቴ ግቢ ሁልጊዜ ሁለት ነጠላ ሴቶች የማይጠፉት ለምንድን ነው?

"ድርብ በድርብ ላይ ሲደራረብ እንቁላሉ ባዶ ይወጣል" ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናት የድርቡ ቅርጽ ከየት እንደመጣ አሳይቷል። የአንድ ክሮሞሶም ሰፊ ቁራጭ ተገልብጦ ተቀጥሏል፤ ግልብጡ ቁራጭ ከሁለቱም ወላጆች የደረሰው አውራ የዘሩ እንቅስቃሴ ደካማ ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የደረሰው ግን ደህና ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለቱን ነጠላ ዶሮዎች ሳያቸው እንደ ምሰሶ ሆነው ነው የሚታዩኝ። መልካቸው ተራ ነው፤ ግን የግቢው ውበት የቆመው በእነርሱ ላይ ነው።

ውበትን ከሥሩ ጋር አያይዞ ማየት ለሁሉም አርቢ የሚሰጥ አይደለም። ቆላ አገር ማታ ማታ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ትንኝ የሚያድነውን እንሽላሊት የማያውቅ የለም። የእርሱ ዘመድ የሆነና ከፓኪስታን፣ ከአፍጋኒስታንና ከሰሜን ሕንድ ደረቅ ምድር የመጣ ነብርማ ጌኮ አለ፤ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሰዎች እንደ ድመት ቤታቸው ያኖሩታል፣ አዲስ ቀለምና ጥለት እንዲወጣለትም ያራቡታል። ሥራቸው ትልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። እንቁላሉን የሚያሞቁበትን ሙቀት ሳይቀር ይቆጣጠራሉ፤ በ26 ዲግሪ አካባቢ ከተቀመጠው አብዛኛው ሴት፣ በ32 ተኩል አካባቢ ከተቀመጠው አብዛኛው ወንድ ይፈለፈላልና። የተደበቀ ቀለም ያለውን ከመሰሉ ጋር እያጋጠሙ፣ ዐይቶ የማያውቀው ሰው ቀለም የተቀባ የሚመስለው እንስሳ አውጥተዋል። ለምን ያቺን የምታህል ፍጥረት እንደሚወዱ ይገባኛል፤ አክስቴ ጫጩት መዳፏ ላይ አስቀምጣ የምታያትን አስተያየት አይቻለሁ።

ከእነዚያ ዝርያዎች አንዱ ሎሚ ውርጭ ይባላል፤ ብጫው ደማቅ፣ ነጩ እንደ በረዶ የጠራ። ሲወጣ ዋጋው ሰማይ ነካ። ብዙም ሳይቆይ ቆዳቸው ላይ ነጭ ዕጢ መውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ያንን ቀለም የሰጠው ዘረ መል ራሱ ዕጢውን እንደሚያመጣና ከዝርያው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደሚይዛቸው አረጋገጠ። በርካታ አርቢዎች ማራባቱን አቆሙ፤ ልባቸው እየደማ እንዳቆሙት አልጠራጠርም፣ ለዚያም አከብራቸዋለሁ። አክስቴ ሁለቱን ነጠላ ዶሮዎች ግቢዋ ውስጥ ስታስቀር የሠራችው ሥራ ከእነርሱ ጋር አንድ ነው፤ እርሷ የሠራችው ግን ጉዳቱ ሳይደርስ ነው።

ስለ እግር ቀለም ሳልናገር ባልፍ ትቆጣኛለች። ገዢው ብጫ እግር ይወዳል። ብጫ የሚሆነው ዶሮዋ ከበቆሎና ከቅጠል የምታገኘው ቀለም ቆዳዋ ውስጥ ሲጠራቀም ነው፤ ለዚያም የሚያጠራቅም ቆዳ ከእናትም ከአባትም መውረስ አለባት። ስለዚህ ነጭ እግር ካላቸው ወላጆች ብጫ እግር ያላት ጫጩት ልትወጣ ትችላለች፤ ብጫ እግር ካላቸው ሁለት ወላጆች ግን ነጭ አይወጣም። እዚህ ላይ ግን አንድ ማጭበርበሪያ አለ፤ አክስቴም አትታለልበትም። ብጫ እግር ያላት ዶሮ እንቁላል መጣል ስትጀምር ቀለሙ ወደ አስኳሉ ይሄድና ከገላዋ ይቀንሳል። በመጀመሪያ ቂጧ ዙሪያ፣ ከዚያ የዓይኗ ክብ፣ ከዚያ አፏ፣ በመጨረሻ እግሯ ይገረጣል። አክስቴ እግሯ የገረጣ ዶሮ ገበያ ውስጥ ስታይ ዝም ብላ ዋጋ ትጠይቃለች። ሌላው "እግሯ ነጭ ነው" ብሎ የተዋትን፣ ብዙ የጣለች ብጫ እግር መሆኗን ዐውቃ በርካሽ ይዛ ትመጣለች። ወላሂ፣ ይህን ስታደርግ ፊቷ ላይ የሚታየውን ደስታ በሥዕል ማስቀረት ብችል እወድ ነበር።

መላጣዎቹን ብዙ ሰው ይንቃቸዋል። እኔ ግን ለቆላ የተሰፋ ልብስ አድርጌ ነው የማያቸው። ላባቸው ስለሚያንስ ሙቀት ይቀላቸዋል፤ በመርሳ የግንቦት ቀትር ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ጥላ ሥር ሲያለከልኩ መላጣዋ ትጭራለች። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰችው ከአንገቷ ፊት አንዲት እፍኝ ላባ ትቀርላታለች፤ ከሁለቱም የወረሰችው እርሷም የላትም። አክስቴ ይህችን የአንገት ላባ "መሐረብ" ትላታለች፤ መሐረብ ያላትን አስቀርታ ሌላዋን ትሸጣለች። መሐረብ ካላት ባለ ላባም መላጣም ልጆች ይወለዳሉ፤ አክስቴ ሁለቱንም ትፈልጋለች።

እዚያው ወረዳ ውስጥ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ከሥራዎቹ አንዱ ማሽላ ነው። ማሽላና ዶሮ ምን አገናኛቸው ለሚለኝ፣ የመረጣቸው ዓይን አንድ ነው እላለሁ። የወሎ ገበሬ አጨዳ ሳይጀምር ማሳው ውስጥ እየተዘዋወረ የሚወደውን ዛላ ይመርጣል፣ ለብቻው ይቆርጣል፣ ነቀዝ እንዳይነካው ከምድጃ በላይ ጢስ ላይ ይሰቅለዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግ እና አክስቴል ከመላው ዓለም የተሰበሰበ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ዘር መርምረው ላይሲን የተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር እጅግ የበዛባቸው ሁለት ዘሮች አገኙ፤ ሁለቱም የወሎ ነበሩ። ገበሬው እንዲህ ያሉትን ቀድሞውኑ ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ፍሬያቸው ጨምደድ ያለ፣ ምርታቸው ያነሰ ነው፤ ሆኖም ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ እየዘራ፣ እሸቱን ጠብሶ እየበላ አቆያቸው። ምርት ብቻ የሚቆጥር ሰው ቢሆን ገና ድሮ ይጥላቸው ነበር።

ለዶሮዎቹ ቀለም መቆየት ገበያውም ድርሻ አለው። ሰው ለበዓል ቀይ ይፈልጋል፤ ጥቁር ለዓመት በዓል ደጅ አይገባም የሚል ቤት ብዙ ነው። ውቃቢ የሚለማመን ደግሞ ገብስማ ወይም ወሰራ ታዞ ይመጣል፤ በቀለም ተሳስቶ መመለስ ስለማይፈልግ የተጠየቀውን ይከፍላል። እምነቱን የማይጋራ ሰውም ቢሆን ይህ ፍላጎት ስንት ጥለት ከመጥፋት እንዳተረፈ ሊያይ ይገባል።

አንድ ፈንግል ግን ይህን ሁሉ በሳምንት ይጠርገዋል። አክስቴ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሷል። ሁለተኛው ጊዜ ማታ ቆጥ ላይ የወጡት ጠዋት አንገታቸው ተጠምዝዞ መሬት ላይ ነበሩ፤ የሠላሳ ዓመት ሥራ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ተቀበረ። ያዳናት የርቢ ልማድ ነው። ወልድያ ላለች እህቷና ተራራው ላይ ላለ አማቿ ጫጩት እየተካፈሉ እንዲያረቡ ሁለት ሁለት ቄብ ሰጥታ ነበር። "አብሽር፣ ዘሩ አለ" አለችኝ ስልክ ስደውልላት፤ ያጽናናኋት እኔ ሳልሆን ያጽናናችኝ እርሷ ነበረች። ገብስማው ከወልድያ ተመለሰ። ጠጠርማዋ ግን አልተመለሰችም። ያ ነጥብ እንዲወጣ ከሁለቱም ወገን መገናኘት አለበት፤ እስካሁን አልተገናኘም፤ እርሷም እስካሁን ትፈልጋለች።

ከኮምቦልቻ የዶሮ ማራቢያና ማባዣ ማዕከል የሚከፋፈሉት የውጭ ዝርያዎች መንደሩ ውስጥ ገብተዋል። እንቁላል የሚጥሉት ከእኛዎቹ ብዙ እጥፍ ነው፤ ልጅ የምታሳድግ እናት ይህን አትንቀውም፣ እኔም አልንቅም። ግን ሁሉም አንድ ቀይ ናቸው፣ አብዛኞቹ መታቀፍ ረስተዋል፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ የት እንደሚሮጡ አያውቁም። ደብረ ዘይት ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የሆሮ ዶሮ ማሻሻያ የያዘውን መንገድ እመርጣለሁ፤ የአገሩን ዶሮ ይዞ፣ ከልጆቿ መካከል የተሻለችውን ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ መሄድ። አክስቴ የምታደርገውም ይኸው ነው፤ እነርሱ ሚዛንና መዝገብ አላቸው፣ እርሷ ደግሞ ስሞቹ አሏት።

ባለፈው ጥር ስሄድ አንዲት ቆቅማ እናት በታቀፈች በ21ኛው ቀኗ ነበረች። አክስቴ እጇን ከዶሮዋ ሆድ ሥር በቀስታ አስገብታ አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ እናቲቱ ጣቷን ትነክሳለች፣ እርሷ ግን አትሸሽም። ጀርባቸው ላይ ከራስ እስከ ጅራት ቡናማ መስመር የወረደባቸው አራት ነበሩ፤ "እነዚህ ቆቅማ ናቸው።" ጥቁር ሆነው አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ያለባቸው ሦስት፤ ገብስማ። ከእነርሱ አንዷን ወደ ብርሃን አስጠጋቻት፤ ነጥቧ ትንሽና ጠርዙ የተለየ ስለነበር "ሴት ሳትሆን አትቀርም" አለች። አንዱ ድፍን ብጫ ነበር። የመጨረሻዋን ግን አላስቀመጠቻትም። ጥቁር ናት፤ ግን ሆዷና የክንፎቿ ጫፍ ነጭ ነው። አገላበጠቻት፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ እንደገና አየቻት።

"ጠጠርማ ትሆን እንዴ?" አልኳት።

"ዝም በል" አለችኝ፣ ጫጩቷን መዳፏ ውስጥ ሸሸግ አድርጋ። "ላባዋ ይምጣ።"